ምልክት የማይሰጥ ጭራቅ

ቤታችሁ ውስጥ ጌም የሚጫወት ልጅ ካለ «ቦስ» የሚለውን ቃል ሳትሰሙ አትቀሩም። መንገድ ዘግቶ የሚቆመው ትልቁ ጠላት ነው። እሱን ሳይጥሉ ወደፊት መሄድ የለም። ልጁ ሃያ ጊዜ ሞቶ ሃያ አንደኛውን የሚሞክረው፣ «እራት ቀረበ» ሲባልም «አንዴ ብቻ!» እያለ የሚለምነው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ሲደርስ ነው።

የሰፈራችን አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር የራሱን ጌም ለመሥራት ተነስቷል። ደብተሩን ይዞ መጣና «ሲስተር፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ» አለኝ። (ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሰፈሩ «ሲስተር» ማለቱን አልተወም።) ሰባት ራስ ያለው፣ እሳት የሚተፋ፣ በአንድ ምት የሚገድል ጭራቅ ስሏል። «ሊመታ ሲል በምን ይታወቃል?» አልኩት። «አይታወቅም፤ ድንገት ነው» አለኝ ኮራ ብሎ።

የነርስ ሥራ ምልክት ማየት ነው። «ሕመምተኛው ድንገት ባሰበት» ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በፊት አተነፋፈሱ መፍጠን ጀምሮ ነበር፤ ልብ ያለው ሰው ጠፋ እንጂ። ጥሩ ቦስም ከመምታቱ በፊት ያስታውቃል። ክንዱን ወደ ኋላ ይስባል፣ ያገሳል፣ አንድ እግሩን ያነሳል። ልጁ መጀመሪያ ሲመታ አያየውም፤ በአምስተኛው ያየዋል፤ በአሥረኛው ጎንበስ ብሎ ያመልጠዋል። ጭራቁ ከሰነዘረ በኋላም ሚዛኑን እስኪመልስ ትንሽ ጊዜ ይፈጅበታል። መልሶ መምቻው ያቺ ቅጽበት ናት። ምልክት የማይሰጥ ጭራቅ ግን ምንም አያስተምርም፤ ያናድዳል፣ ከዚያም ይረሳል።

ልጁ በጣም የሚወደው ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ዳርክ ሶልስ» ነው። ሥራውን የመራው ሂዴታካ ሚያዛኪ ነው። (ለአዋቂ የተሠራ ስለሆነ ለታናናሾቹ አይሆንም።) እዚያ ውስጥ ተዋጊው ቁስሉን የሚያድን መጠጥ ይይዛል፤ ሲጠጣ ግን ለአፍታ መሸሽ አይችልም። መድኃኒት ይዞ መገኘት ብቻውን አይበቃም፣ መቼ እንደሚወሰድም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ያሰበውን ሰው ወድጄዋለሁ።

በዚያው ጌም ኦርንስታይንና ስማው የሚባሉ ሁለት ቦሶች አብረው ይገጥማሉ፤ አንዱ ፈጣን ባለ ጦር፣ ሌላው ግዙፍ ባለ መዶሻ። አንዱ ሲወድቅ የቀረው የሟቹን ኃይል ወስዶ በሙሉ ጤና እንደገና ይነሳል። ማንን አስቀድሞ መጣል እንደሚሻል የሚወስነው ተጫዋቹ ነው፤ የሚገጥመውም ሁለተኛ ፍልሚያ እንደ ውሳኔው ይለያያል።

ያልወደድኩለት ነገር፣ የሞተ ሰው ወደ ቦሱ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ረጅም መንገድ እንደገና መጓዝ አለበት። ኩባንያው በ2022 ባወጣው «ኤልደን ሪንግ» በብዙዎቹ ቦሶች አጠገብ መነሻ አድርጎላቸዋል። ይሄ ይሻላል። መሸነፍ ይበቃዋል፤ ጊዜውን ደግሞ ለምን ይወስዱበታል?

ለወላጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ «ዳርክ ሶልስ» መሃል ላይ ለአፍታ ማቆሚያ የለውም። ልጁ «ማቆም አይቻልም» ሲል እውነቱን ነው። አንድ ሙከራ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ስለሆነ፣ ሶኬት ከመንቀል «ይሄ ሲያልቅ ትነሳለህ» ብሎ መስማማት ይቀላል።

ለተማሪው «ጭራቅህ እዚያ የቆመው ምን ሊጠብቅ ነው?» የሚል ጥያቄም ጨመርኩለት፤ ሲፍ የሚባለውን ተኩላ አስቤ። ሲፍ የጌታውን የአርቶሪያስን መቃብር የሚጠብቅ፣ ትልቅ ሰይፍ በአፉ ነክሶ የሚዋጋ ግዙፍ ተኩላ ነው። ሌላው ጭራቅ ሊሞት ሲቃረብ ይብስበታል። ሲፍ ግን ያነክሳል፤ ሰይፉን ሲወዘውዝ ራሱ ይወድቃል። ተጫዋቹ እያሸነፈ እጁ ይከብደዋል። በኋላ በተጨመረው ክፍል ወደ ጥንት ዘመን ሄዶ ሲፍን ገና ትንሽ ሳለ ያዳነ ተጫዋች ደግሞ፣ መቃብሩ ጋ ሲደርስ ተኩላው ቀርቦ ያሸተዋል። ያውቀዋል። ራሱን ቀና አድርጎ ያላዝናል፤ ከዚያም ሰይፉን ያነሳል።