ስለ ትልቁ አዲስ አውቶሞቢልና ስለ ቡለን መንገድ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ጎተራና ስለ ነቀዝ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ ግቢ ቆሞ ስለሚያድረው ስለ ትልቁ አዲስ አውቶሞቢል ጥቂት ልንነግራችሁ ወደድን። ይህ ነገር የሾፌርና የጋራዥ ጉዳይ ነው እንጂ የቤተ ሰብ ገጽን ምን አገባው የሚል ሰው ቢኖር፥ አንድ ቀን ማታ እንጀራ ጋጋሪዋና ሾፌሩ ስለ መብራት ሲከራከሩ ቆሞ ያድምጥ፤ ከዚያም በኋላ ነገሩ የቤት ጉዳይ መሆኑን ያለ ጥርጥር ይረዳዋል።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፥ ከውጭ አዲስ የሚያስመጣ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪኩ መልሷል። ብዙ ሰው ይህን ዓይነት አውቶሞቢል ትናንት የተፈጠረ አድርጎ ይገምታል፤ ነገር ግን የፎርድ አውቶሞቢል ባለቤት የሄንሪ ፎርድ ሚስት ክላራ ፎርድ ከመቶ ዓመት በፊት ትነዳው የነበረው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የሚባለውን የባትሪ አውቶሞቢል ነው። ባሏ በየቀኑ በሺህ የሚቈጠር የቤንዚን አውቶሞቢል ሲሠራ እርሷ ጸጥ ያለውንና የማይሸተውን መምረጧ፥ የቤት እመቤት ከፋብሪካ ጌታ የተለየ ሚዛን እንዳላት ያሳያል።

አሁን ከባለቤቶቹ ያየነውንና የሰማነውን እንናገር። አንድ ሙሉ ቤተ ሰብ የሚይዘው ትልቁ አውቶሞቢል 80 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የሚይዝ ባትሪ አለው። ይህን ባትሪ በተራ የግድግዳ ሶኬት ለመሙላት የሚመጣው ኃይል 2 ኪሎዋት ያህል ስለ ሆነ፥ ከባዶ እስከ ሙሉ 40 ሰዓት ይፈጃል፤ ይኸውም አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አልፎ ሁለተኛው ቀን ሲመሽ ማለት ነው። ስለዚህ አቅም ያለው ሰው በግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ 7 ኪሎዋት መሙያ ያስተክላል፤ ይህ ግማሽ የጐደለውን ባትሪ በአንድ ሌሊት ይሞላዋል። ችግሩም የሚጀምረው በዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ምጣዱና አውቶሞቢሉ ባንድ ጊዜ ሲጠጡ ብዙው የቤት መስመር አይችላቸውም። ብሬከሩ ይወርዳል፤ ቤቱ ይጨልማል፤ ምጣድ ላይ ያለው እንጀራ ሳይበስል ይቀራል፤ ሾፌሩም ጋጋሪዋን፥ ጋጋሪዋም ሾፌሩን ትከሳለች። አንዲት እመቤት የቤቷን ሰላም የመለሰችው ሁለቱንም ጠርታ ቀኑን ለምጣድ፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለውን ለአውቶሞቢል በመመደብ ነው። በየሳምንቱ በቅዳሜ ግን እንግዳ ስለሚበዛ አውቶሞቢሉ ጾሙን ያድራል።

ይህንንም ያህል ኃይል በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ከሳሎን ስቦ በመስኮት ማውጣት ፈጽሞ የማይገባ ነው። ገመዱ ይግላል፤ ልጆችም በእግራቸው ይረግጡታል። የመሬት ሽቦ መኖሩን አስቀድሞ በባለሙያ ማስመርመር ከመሙያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ጥቂት ነው።

ስለ ልጆች ካነሣን ዘንድ ከሁሉ የምንፈራውን እንናገር። ይህ አውቶሞቢል በዝግታ ሲሄድ ድምፁ እጅግ አነስተኛ ነው። ቀድሞ የናፍጣው መኪና ሲነሣ ዶሮውም ልጁም ከበሩ ይሸሽ ነበር፤ አሁን ግን ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲመልስ በግቢው የሚጫወተው ሕፃን አይሰማውም። ስለዚህ አውቶሞቢሉ ከቆመበት ሲነሣ ከኋላው ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው ይኑር። የመቀመጫውን ፕላስቲክ ሳያወልቁ ዓመት የሚያስቀምጡ ሰዎችም አሉ፤ ይህ ልማድ ለምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባንም፤ በሙቀት ቀን የተቀመጠበት እንግዳ ሲነሣ ልብሱ ከላብ የተነሣ ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል።

ደግሞም ትልቅና ጥቁር አውቶሞቢል የገዛ ሰው በጥርና በሚያዝያ የራሱ አለመሆኑን ይወቅ። የእኅቱ ልጅ፥ የጎረቤቱ ልጅ፥ የቀድሞ ባልንጀራው ልጅ፥ ሁሉም ሙሽራ ናቸው። መከልከል ያስቀይማል፤ መስጠትም የሚገባው ከራስ ሾፌር ጋር እንጂ ቁልፉን ብቻ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ፔዳሉ ገና ሲነካ ያለውን ጉልበት ሁሉ ስለሚሰጥ፥ በናፍጣ የለመደ እግር ሳያስበው ከፊቱ ያለውን ይገጫል። ዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ወደ ቤተ መንግሥታቸው ሲገባ፥ ኋላ ነጋድራስ የተባሉትን ተሰማ እሸቴን የአውቶሞቢልን ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር መስደዳቸው ይታወቃል፤ እርሳቸውም እዚያው ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸው ተመልሰዋል። ዛሬ ሾፌርን ለአንድ ሳምንት ከሻጩ ዘንድ አስቀምጦ ማስተማር የሚከብደው ሰው፥ ያን ጊዜ ለአንድ አውቶሞቢል ሲባል ባሕር መሻገሩን ያስብ።

ሾፌሩ ሊማረው ከሚገባው ዋናው የባትሪው ጠባይ ነው። ባትሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ሊቲየም ባትሪ አልፎ አልፎ እስከ መቶው ቢሞላ አይጠላም፤ ኒኬል ያለበት ግን ለዕለት ሥራ ከመቶ 80 ላይ ቢያቆሙት ዕድሜው ይረዝማል። የእናንተ የትኛው እንደ ሆነ ከአውቶሞቢሉ ጋር የመጣው መጽሐፍ ይነግራችኋል፤ መጽሐፉ በቻይና ቋንቋ ብቻ ከሆነ ገንዘብ ሳይከፈል ትርጉሙን ከሻጩ መጠየቅ ይገባል።

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ በከተማ ውስጥ ላለው ኑሮ ነው፤ በከተማ ውስጥ ደግሞ ይህን አውቶሞቢል የሚነቅፍ ባለቤት ብዙ አልገጠመንም። በቤንዚን ማደያ ሰልፍ ቆሞ አለማርፈድ ብቻ ለብዙዎች በቂ ምስጋና ሆኗል። ጭንቀቱ የሚመጣው ወደ አገር ቤት መሄድ ሲታሰብ ነው።

በአዲስ አበባ በሹመት ላይ ያሉ አንድ የተከበሩ ወዳጃችን ትውልዳቸው በመተከል፥ በቡለን ነው። አምና ትልቁን አውቶሞቢል ገዙ። በመስከረም ወር የሺናሻ ሕዝብ ጋሪ ዎሮ የሚለውን የዘመን መለወጫ በዓሉን ሲያከብር፥ አሮጊት እናታቸውን በዚሁ አውቶሞቢል ሄደው ሊያዩ ቈረጡ። ነገሩን አውጥተን አውርደን አብረን ቈጠርነው፤ ሒሳቡም ለሌሎች ይጠቅማል ብለን እዚህ እንጽፈዋለን።

ከአዲስ አበባ እስከ ቡለን ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ትልቅ አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ከባትሪው ጥቂቱን ለመጠባበቂያ ካስቀሩ በኋላ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህ ግን መንገዱ ሜዳ ሲሆን ነው። የጐጃም መንገድ በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርድና በደጀን በኩል ይወጣል፤ መውጫው ከ1300 ሜትር አያንስም። ሰው የጫነውን ሁለት ቶን ተኩል የሚጠጋ አውቶሞቢል ይህን ያህል ከፍታ ማውጣት 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ይጠይቃል። በቁልቁለቱ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ከኃይሉ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ጉዳቱ ይቀላል፤ ሆኖም የሚመልሰው ከሚወስደው ያንሳል። ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ስለ ሆነች ያለ ችግር ይደርሳሉ፤ ነገር ግን የቀረው ኃይል ከ80ው ሩብ ያህል ነው። በዚያ ፈጣን መሙያ ካልተገኘ፥ በሆቴል ሶኬት 10 ሰዓት ቢያድር የሚጨመረው 20 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ኃይል እንጅባራን አልፎ ቻግኒ ቢደርሱም፥ የሚደርሱት ባትሪውን አራግፈው ነው። ከዚያ ወዲያም ሌላ ሌሊት፥ ምናልባትም ሁለት ሌሊት ማደር ግድ ነው።

ከዚህም የሚከፋው የመንገዱ ጠጠር ነው። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ባትሪውን የሚሸከመው በሆዱ ነው፤ በትልቁ አውቶሞቢልም ከመሬት እስከ ሆዱ ያለው ክፍተት አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። አምስት ሰው፥ ጓዝ፥ ሲመለሱም ዘመድ የሚጭነው ማርና ሰሊጥ ሲታከልበት ይህ ክፍተት ደግሞ ይቀንሳል። በከተማ ጉብታ ላይ ቢነካ ጭረት ነው፤ አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ከጀመረ በኋላ፥ ይልቁንም የክረምት ጎርፍ ያበላሸው መንገድ ገና ሳይጠገን በመስከረም፥ የወጣ ድንጋይ ባትሪውን ቢመታ፥ ከአውቶሞቢሉ ዕቃ ሁሉ ውድ የሆነው እርሱ ነው። በመንገድ ቢቆምም እንደ ቀድሞው በገመድ አስሮ በጎማው መጎተት አይቻልም፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩም ስለሚዞር ይጎዳል። በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ መመለስ አለበት። ባትሪውን የሚያውቅ ባለሙያም በየከተማው አይገኝም።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣ ብዙ ወር የፈጀበት ሞተሩ ስለ ደከመ ብቻ አልነበረም፤ ለአውቶሞቢል የተሠራ መንገድ ስላልነበረ ነው እንጂ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ አውቶሞቢሉ እንደዚያ ሲለወጥ፥ አስፋልት ባልደረሰበት አገር ሁሉ መንገዱ ዛሬም የመጨረሻውን ቃል ይናገራል።

ስለ ቡለን ሲነገር ሌላም ነገር አለ፤ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከዚያ አገር የተወለዱ ቤተ ሰቦችም ያንን ጊዜ አልረሱትም። ስለዚህ ወዳጃችን ስለ ባትሪ ከመጠየቃቸው በፊት በየቀኑ ወደ ዘመዶቻቸው እየደወሉ የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ ነበር። ይህ ጥያቄ ከሒሳቡ ሁሉ ይቀድማል፤ ማንም ሰው ልጆቹን ይዞ ከመነሣቱ አስቀድሞ ያንኑ ያድርግ።

የሆነ ሆኖ፥ ወዳጃችን ምክራችንን በግማሽ ሰሙ። በሁለት ሌሊት ማደር እንጅባራ ድረስ በአውቶሞቢላቸው ሄዱ፤ እዚያም ግቢው የታጠረ ዘመድ ቤት አቁመው፥ መሙያውን በሶኬት ላይ ተክለውለት፥ እርሳቸው ባለ ከፍተኛ እግር የናፍጣ መኪና ተከራይተው ቀጠሉ። ጓዛቸውንና የልጆቻቸውን መኝታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ግማሽ ቀን አለፈ፤ የኪራዩም ዋጋ ቀላል አልነበረም። እንደ እኛ አስተያየት ግን ሥራው የጥበብ ነው፤ ባለ ትልቅ አውቶሞቢል መሆንን ለማሳየት ሲሉ ባትሪ ከሰበሩ ሰዎች ይልቅ ለኪራይ የከፈሉት ብዙ አትርፈዋል።

ቡለን ሲደርሱ እናታቸው ከደጅ ወጥተው ጠበቋቸው። የመጣውን መኪና ዞረው ካዩ በኋላ፥ «ገዛሁ ያልከኝ ይኸ ነው?» አሉ። ልጃቸው አለመሆኑን ነግረው የአዲሱን አውቶሞቢል ፎቶግራፍ በስልክ አሳዩአቸው፤ በመብራት የሚሄድ መሆኑንም አስረዱ። እናቲቱ የታላቁ ህዳሴ ግድብ በዚያው በመተከል፥ በጉባ የተሠራ መሆኑን ያውቃሉ፤ መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል፥ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም በሬዲዮ ሰምተዋል። 13 ተርባይኖች እንዳሉትና 5150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም እንዳለው ግን የነገሯቸው የልጅ ልጃቸው ናቸው። ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያው ጉልበቱ ከኛ አገር የሚሄድለት ከሆነ፥ እርሱ ራሱ ወደ እኛ መምጣት ለምን አቃተው?» ብለው ጠየቁ።

ወዳጃችን ስለ ጠጠሩ፥ ስለ ስንዝሩና ስለ ሶኬቱ ሁሉ አስረዱ። እናቲቱ ስንዝር የሚለውን ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው መሬት ላይ ለኩና፥ «ፍየል እንኳ አያሳልፍም» አሉ። ከዚያ በኋላ ለጥር፥ መንገዱ ሲደርቅ፥ እናቲቱ እስከ እንጅባራ በኪራይ መኪና መጥተው ከዚያ ወደ አዲስ አበባ በአውቶሞቢሉ እንዲወሰዱ ልጃቸው አሳብ አቀረቡ። እርሳቸው ግን ከዚህ ዕድሜ በኋላ አውቶሞቢል ለማየት አልሄድም፤ መንገዱ ይሠራና እርሱ ይምጣ ብለዋል። ክርክሩ እስከ አሁን በስልክ ቀጥሏል።