ስለ ባሕር ዳር ካምፑ ሲመከር የእኛ ወንበር ለምን ባዶ ይሆናል?

የአውስትራሊያ በጋ ከበዓሎቻችን ጋር የተገጣጠመ ነው። ገናም ሆነ ጥምቀት የሚውሉት ትምህርት ቤት በተዘጋበት፣ ሜልበርን ግልብጥ ብላ ወደ ባሕር በምትወርድበት በጃንዋሪ ወር ነው። እኛም ድንኳኑን፣ ረከቦቱንና እንጀራውን ጭነን እንወርዳለን። እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን የባሕር ዳር ካምፕ የበዓሉ አካል እየሆነ መጥቷል። ስለ እነዚህ ቦታዎች አስተዳደር ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ሲጠራ ግን ከእኛ ወገን የሚገኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ ላነሣው የፈለግኩት ጉዳይ ይኸው ነው።

በቅድሚያ መሬቱ የማን እንደሆነ እንይ። ከቪክቶሪያ ግዛት የባሕር ጠረፍ 96 ከመቶ ያህሉ የሕዝብ መሬት ነው። ለካምፕና ለመዝናኛ የተከለሉ ብዙ ቦታዎች በ1978 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የመንግሥት መሬት ሕግ መሠረት የአስተዳደር ኮሚቴ ይሾምላቸዋል። ኮሚቴው አንዳንድ ቦታ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ስብስብ፣ ሌላ ቦታ ካውንስል፣ በግሬት ኦሽን ሮድ ዳርቻ ደግሞ በ2020 ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ባለሥልጣን ነው። እነዚህ አካላት የቦታውን የወደፊት ዕቅድ ሲያዘጋጁ ረቂቁን ዘርግተው ‘እናንተስ ምን ትላላችሁ?’ ብለው ይጠይቃሉ።

ረቂቁ ሲያዩት አሰልቺ ወረቀት ነው። ውስጡ ያለው ግን የእኛው ኑሮ ነው። ምን ያህሉ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ካራቫናቸውን አቁመው ለሚከራዩ ይሰጥ? ምን ያህሉ ለሦስትና ለአራት ሌሊት ድንኳን ለሚተክል ቤተሰብ ይቅር? የጃንዋሪ ዋጋ ስንት ይሁን? ቦታው የሚያዘው በዕጣ ነው ወይስ ኦንላይን ቀድሞ ለደረሰ? ሃያ ሰላሳ ሆኖ የሚመጣ ዘመድ አዝማድ ጎን ለጎን መስፈር ይችላል? ከሰል የሚቀጣጠልበት ቦታ ይኖራል? በአጠቃላይ የእሳት ክልከላ ቀን ከሰል ክልክል መሆኑ የማያከራክር ነው፤ የሰው ሕይወት የሚያድን ሕግ ነው። በሌላው ቀን ቡና የት እናፈላለን የሚለው ግን በዕቅድ የሚወሰን ጉዳይ ነው።

እኔ ራሴ ይህን የቀመስኩት አንድ የባሕር ዳር ካምፕ ውስጥ ነው። አምስት ቤተሰብ ሆነን ስንደርስ አምስት ማዕዘን ላይ በትነው አሰፈሩን። ቡድን ጎን ለጎን እንዳይሰፍር የሚል ደንብ እንዳለ ተነገረን። ደንቡ መቼ ወጣ ብዬ ስጠይቅ ከሁለት ዓመት በፊት ለሕዝብ አስተያየት ቀርቦ ማንም ስላልተቃወመ የጸደቀ ነው አሉኝ። ሠራተኞቹ ትሑቶች ነበሩ፤ ያልዋሹትንም ነገር ዋሹ አልልም። ማንም አልተቃወመም ነበር።

ታዲያ በስብሰባው ላይ የሚገኘው ማነው? ከዚያ ወዲህ በሦስት እንዲህ ባሉ ምክክሮች ላይ ተገኝቻለሁ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከአያት ከአባት ጀምሮ እዚያው ቦታ ላይ የከረሙ ሰዎች ናቸው። በእነሱ መፍረድ ተገቢ አይደለም። አሸዋው እንዳይሸሽ ሣር የሚተክሉት፣ በክረምት ቆሻሻ የሚለቅሙት እነሱ ናቸው። ሁዲድ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ ወፍ እንቁላሏን በሜዳው አሸዋ ላይ እንደምትጥልና ልቅ ውሻ ጫጩቶቿን እንደሚጨርስባት የተማርኩትም ከእነሱ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ የአገሩ ባለቤቶች የሆኑት እንደ ዋዳውሩንግና ኢስተርን ማር ያሉት ነባር ሕዝቦች አሉ፤ የእነሱ ቃል ከማናችንም መቅደም አለበት። ነገር ግን ነባሩ ስለ ነባሩ ብቻ ሲናገር፣ በዓመት አንዴ በኪራይ ቫን ከፉትስክሬይ ወይም ከኖብል ፓርክ የሚመጣው ቤተሰብ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አይሰፍርም። ያልሰፈረ ነገር ደግሞ አይቆጠርም።

የማንሄደው ለምንድን ነው? ሥራ ይበዛል፣ ቋንቋው ይከብዳል እንላለን። እውነት ነው። እኔ ግን ሥሩ ከዚያ ጠለቅ ያለ ይመስለኛል። ‘ሕዝባዊ ውይይት’ የሚለውን ቃል ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ነን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 እና በአንቀጽ 92 ሕዝብ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ የመመከር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በተግባር ብዙዎቻችን የምናውቀው ስብሰባ ግን ውሳኔው አልቆ፣ መድረኩ ለማጨብጨብ የሚዘጋጅበት ነው። እዚያ ተነሥቶ መናገር ጣጣ ነበረው። ስለዚህ ‘ዝም አይነቅዝም’ የሚለውን ብሂል ትምህርት አድርገን ያዝነው። በዚያ ዘመንና ቦታ ጥበብ ነበር። እዚህ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ተቆጥሮ ፋይሉ ይዘጋል። ከጸደቀ በኋላ በፌስቡክ መቆጣት ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጠሪዎቹም ከተጠያቂነት አያመልጡም። አርባና ሃምሳ ገጽ እንግሊዝኛ ረቂቅ አውጥቶ፣ በሥራ ቀን ማታ፣ ከከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ስብሰባ መጥራት ‘አትምጡ’ ከማለት ብዙም አይለይም። በፈረቃ የምትሠራ ነርስና ታክሲ የሚነዳ አባት እንዴት ይድረሱ? ‘የባህል ብዝኃነት ያላቸውን ማኅበረሰቦች አማክረናል’ ብለው ሪፖርት የሚጽፉ ከሆነ ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይዘው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ወይም በእድር ስብሰባ ቀን እኛው ዘንድ ይምጡ። ይህ እንዲሆን መጠየቅ ራሱ አንድ አስተያየት ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ባሕር በሌለው አገር ያደግን ነን። ከላንጋኖ ዳርቻ ወጥቶ የማያውቅ ሰው የደቡቡን ውቅያኖስ ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረት ከየት ያውቃል? በዚህ አገር በውሃ ሰጥመው ከሚሞቱት መካከል ውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች ቁጥር የነፍስ አድን ድርጅቶችን በየዓመቱ የሚያሳስብ ነው። ካምፑ የሚሠራው ጥበቃ ባለበት፣ ቀይና ቢጫ ባንዲራ በሚተከልበት ዳርቻ አጠገብ ነው ወይ? ማስጠንቀቂያውስ በሥዕልና በሌሎች ቋንቋዎች ተለጥፏል? እነዚህ በአስተዳደር ዕቅድ ውስጥ የሚጻፉ ነገሮች ናቸው፤ እኛ ካልጠየቅን የሚጠይቅልን የለም። በሌላ በኩል ባሕሩ ራሱ መሬቱን እየበላው ነው። ኢንቨርሎክ ላይ ዳርቻው ከ2012 ወዲህ በብዙ አሥር ሜትሮች ወደ ኋላ ሸሽቷል። መሬቱ ሲጠብ የካምፕ ቦታም ይቀንሳል። የቀረው ለማን ይድረስ የሚለው ጥያቄ ከዓመት ዓመት እየከረረ ይሄዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው የተጠራንበትን ደረጃ መለየት ነው። በሙያው በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ አምስት ደረጃ አለው፤ ማሳወቅ፣ ማማከር፣ ማሳተፍ፣ አብሮ መሥራትና ውሳኔውን ለሕዝብ መስጠት። ‘ይህ ስንተኛው ነው? የሰጠነው ሐሳብ ምን ላይ እንደደረሰስ መቼ ትነግሩናላችሁ?’ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለተኛው በአንድ ገጽ መጻፍ ነው፤ ማን እንደሆንን፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚነካን፣ ለምን እንደሆነና በምትኩ ምን ይሁን እንደምንል። ‘ደንቡ ልክ አይደለም’ ከማለት ‘አሥር ቦታ ለትልልቅ ቤተሰብ ጎን ለጎን ይያዝ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ እንቀንሳለን’ ማለት ይሻላል። ሦስተኛው፣ ቋንቋው የሚያስቸግረው ሰው በ131 450 በሚሠራው የመንግሥት የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት መጠየቅ ይችላል።

ተማሪዎችና ባለሙያዎች ሆይ፣ ዋናው ሸክም የእናንተ ነው። ረቂቁን አንብቦ ለእድሩ በአማርኛ ማስረዳት ለእናንተ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። እድሮቻችን መተዳደሪያ ደንብ አላቸው፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ የቀረ ይቀጣል፣ የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል። ከዚህ የበለጠ የምክክር ትምህርት ቤት የለም። አንድ ሰው ብቻውን ሲጽፍ የግል ቅሬታ ይመስላል፤ እድሩ ማኅተሙን አሳርፎ ሲጽፍ ግን የማኅበረሰብ ድምፅ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ!

በሌላ አገር ለምትኖሩም ነገሩ ያው ነው። በኒውዚላንድ የ1977ቱ ሕግ ረቂቅ ዕቅዱ ቢያንስ ለሁለት ወር ለአስተያየት ክፍት እንዲሆን ያዝዛል። በካሊፎርኒያ የ1976ቱ የባሕር ዳር ሕግ በርካሽ የሚገኙ ማደሪያዎችና መዝናኛዎች እንዲጠበቁ ይላል። እነዚህ አንቀጾች ግን የሚያስታውሳቸው ሰው ካልተገኘ መጽሐፍ ውስጥ ተኝተው ይቀራሉ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከካውንስል ወይም ከካምፑ የ‘ሐሳብዎን ይስጡን’ ኢሜይል ሲደርሳችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የመዝጊያውን ቀን አይታችሁ ወደ እድሩ ግሩፕ ላኩት።