ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ወገብ ማውረድ



ዑቅበት ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) በሽምግልናቸው ዘመን በሁለት ዒላማዎች መካከል እየተመላለሱ ሲወረውሩ ያየ ሰው «በዚህ ዕድሜዎ አይከብድዎትም ወይ?» ብሎ እንደጠየቃቸው ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ ተዘግቧል። ምክንያታቸው ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙት ነበር፤ ዒላማ መምታትን ተምሮ የተወ ሰው ብርቱ ወቀሳ አለበት።

ይህን ያነሳነው በገልፍና በአሜሪካ የሸክላ ዒላማ ተኩስ ለጀመሩ ወጣቶቻችን ነው። ብዙ ጀማሪ በአሜሪካው ስኪት ይገባል። ጠመንጃውን አስቀድሞ ትከሻው ላይ ያስደግፋል፤ ይጠራል፤ ዒላማዋ ወዲያው ትወጣለች። ጥቂት ወራት ከለመደ ከ25 ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ይመታል። ከዚያ እዚያው ይቀራል። የኦሎምፒኩን ስኪት አንድ ቀን ሞክሮ ስምንት ወይ ዘጠኝ ቢመታ ሁለተኛ አይመለስበትም።

እኛ ደግሞ ይመለስበት እንላለን፤ ያውም ቶሎ።

በኦሎምፒኩ ስኪት የጠመንጃው ሰደፍ ዒላማዋ እስክትታይ ድረስ ወገብ ላይ መቆየት አለበት። ተኳሹ ከጠራ በኋላ ዒላማዋ ወዲያው ልትወጣ ትችላለች፤ እስከ ሦስት ሰከንድም ልትዘገይ ትችላለች። የምትወጣበትን ቅጽበት አያውቅም። ፍጥነቷም ይበልጣል። ሦስት ሰከንድ ስትሰሙት ትንሽ ነው፤ እጁ ለቸኮለ ሰው ግን ረጅም ነው። ሶብር የሚባለውን ነገር በጡንቻ መማር ከፈለጋችሁ ይኸው።

«መጀመሪያ ቀላሉን አጣርቶ ይወቅ» የሚሉ አሰልጣኞች አሉ። በጥንቃቄው ጉዳይ እንስማማለን። በቀልድ እንኳ መሣሪያን ወደ ወንድም ማመልከት በሐዲስ የተከለከለ ነውና የጠመንጃ አያያዝ ሳይጠና ወደ ሌላ አይታለፍም። ከዚያ በኋላ ግን ዓመታትን በቀላሉ ማሳለፍ ትከሻን ያስለምዳል፤ የለመደ ትከሻ ደግሞ አዲስ ከመጀመር ይልቅ ይከብዳል። ደግሞም የአሜሪካው ደንብ ጠመንጃን ከወገብ ማንሳት አይከለክልም። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ዒላማ፣ ሰደፉን ዝቅ አድርጎ መጀመር ይቻላል። ተጨማሪ ወጪ የለውም። ጥይት ውድ ስለሆነ ኢስራፍን ለምንፈራ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ዙር 25 ጥይት ይበላል።

እውነቱን እንነጋገርና፣ ብዙዎችን የሚያስቀረው ጥይቱ ሳይሆን ሰው ነው። ሃያ አራት ሲመታ ያየው ጓደኛ ዘጠኝ ሲመታ እንዲያየው አይፈልግም። ይህ ወደ ሪያእ የሚጠጋ ነገር ነው፤ ኒያችንን እንፈትሽ።

የኩዌቱን ዐብደላህ አል-ረሺዲን ተመልከቱ። ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ ጀምሮ በስኪት ተወዳድሯል። የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ሜዳሊያውን፣ ነሐስ፣ ያገኘው በ2016 ሪዮ ላይ በስድስተኛ ኦሎምፒኩ ነው፤ ዕድሜው 52 ነበር። በቶኪዮ በ57 ዓመቱ ነሐሱን ደገመው። ሃያ ዓመት ያለ ኦሎምፒክ ሜዳሊያ እየተመለሰ ጠመንጃውን ወገቡ ላይ አድርጎ ጠብቋል።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን፦ ይህች ዒላማ የመጣችው በሕያው ርግብ ምትክ ነው። በ1900 የፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ እንኳ ሕያው ርግቦች ተተኩሶባቸዋል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ወፍ አስረው ዒላማ ያደረጉ የቁረይሽ ወጣቶችን አግኝተው፣ ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርግ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተረገመ መሆኑን ነግረዋቸዋል። ወጣቶቹም ሲያዩዋቸው ተበትነው ነበር። የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ዝፍት የሆነች ዒላማ ብትሳት ማንም አይጎዳም፤ አሥራ ስድስት ጊዜ ብትሳትም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጁምዓ ማግስት ሜዳ የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዙሩ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቆሚያዎች ሰደፉን ወገብ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። ስንት እንደመታችሁ ለማንም መናገር አይጠበቅባችሁም። ወላሁ አዕለም።