ፎቶግራፉስ የት ደረሰ?

በዕረፍት ወራት ወደ ጋይንት የምትጓዙ ጓደኞቻችን ከዓርብ ገበያ አልፋችሁ ቤተልሔምን ሳታዩ እንዳትመለሱ እናሳስባለን። ከውጭ ሲያዩት እንደ ማናቸውም የገጠር ደብር ክብ ነው፤ በውስጡ ግን በድንጋይና በእንጨት የታነጸ፥ ባለማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተሰውሯል። ቶማስ ፓከንሃም የተባለው እንግሊዛዊ በ1955 እ.ኤ.አ. አይቶ በ1959 በመጽሐፍ ቢያወጣው «ተገኘ» ተባለ። ድጓ ሊያስመሰክሩ የሚመጡት ደቀ መዛሙርት መቼ ጠፍቶባቸው ያውቃል!

ካሜራ የያዘ ሁሉ ፊት ለፊቱን አንሥቶ ይሄዳል። እኛ የምንሻው የግድግዳውን አሠራር፥ የጣሪያውን እንጨት፥ የተሰነጠቀውንም ጭምር ነው፤ ነገ ቢታደስ ወይም ቢፈርስ ምስክሩ ይኸው ነውና። ካህናቱን ማስፈቀድ፥ ቀኑንም መጻፍ ይገባል። አንድ ቅጂም ለደብሩ ይድረስ። ባለፈው ክረምት «እንልክላችኋለን» ብለን ቃል የገባንባቸው ፎቶግራፎች ግን እስከ ዛሬ በእኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው።