ቡችላው በሰዓቱ ይበላል፤ እናንተስ?



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስትጠጡ የሚነሣው ወሬ ብዙውን ጊዜ ይታወቃል፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ሀገር ቤት ስላሉ ልጆችና ወላጆች ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እዚህ ቤይሩት አንድ ሌላ ወሬም ይሰማል፤ "ማዳም ቡችላ አመጣች" የሚል። ቡችላው ለልጆቹ ተብሎ ይመጣል። ልጆቹ አንድ ሳምንት ያህል ይጫወቱበታል። ከዚያ በኋላ ማብላቱ፣ ማጠቡ፣ ሽንቱን መጥረጉና ይዞ መውጣቱ ለማን እንደሚቀር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ቡችላው በቀን ስንት ጊዜ ይበላል ተብላችሁ ስትጠየቁ መልሳችሁ ቶሎ ይመጣል፤ "አራት ጊዜ፣ በልኬት፣ በሰዓቱ" ትላላችሁ። እናንተስ ስትባሉ ግን መልሱ ይዘገያል። "ሻይ በኩብዝ ቀምሻለሁ"፣ "ከተረፈ እበላለሁ"፣ "ማታ ሥራ ሲያልቅ" የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው። የቡችላው የምግብ ሰዓት በቤቱ እንደሚከበር የእናንተም የምግብ ሰዓት ይከበር። የመጀመሪያዎቹ አክባሪዎችም እናንተው ሁኑ።

ስለ ቡችላው

በሀገራችን ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ደጅ ያድራል። እዚህ ሶፋ ላይ ተኝቶ ስታዩት ብትደነቁ፣ አንዳንዴም ብትናደዱ አይፈረድባችሁም። "እዚህ ቤት ከእኔ ውሻው ይሻላል" የምትል እህት ሐዘኗ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ይህን የወሰነው ቡችላው አይደለም። እርሱ ከእናቱ ተለይቶ የመጣ፣ ሌሊት የሚያለቅስ ፍጥረት ነው። ከእናት ተለይቶ በሰው ቤት የመጀመሪያዋን ሌሊት ማደር ምን እንደሚመስል ደግሞ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ንዴታችሁ በእርሱ ላይ አይውረድ።

ብዙ እህቶች ስለሚያዝኑለት ከራሳቸው ሳህን ያካፍሉታል። አሳቡ መልካም ነው፤ ምግቡ ግን ሊገድለው ይችላል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የውሻን ደም ይጎዳሉ። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ወይንና ዘቢብ ኩላሊቱን ሊያበላሹት ይችላሉ። ቸኮላትና ስኳር የሌለው ማስቲካም መርዝ ይሆኑበታል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። ስለዚህ ለእርሱ የተገዛውን ምግብ ብቻ ስጡት። ሌላ ነገር መስጠት ከፈለጋችሁ ጨውና ሽንኩርት ያልገባበት ቁራጭ የተቀቀለ ዶሮ ወይም ካሮት ይበቃዋል። ልጆቹ ቸኮላት ሲሰጡት ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ወዲያውኑ ለማዳም ንገሩ። ቡችላው ቢታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሦስት ወር ያልሞላው ቡችላ በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ቢበላ ይበቃዋል። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም። ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ሲበላና ሲጫወት ወዲያው ወደ ቦታው ውሰዱት፤ ሲሸና አመስግኑት። ምንጣፍ ላይ ከሸና በኋላ መምታት ምንም አያስተምረውም፤ የሚማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው። ሽንቱን ስታጸዱ በረኪና አታፍስሱበት። በረኪናን አሲድ ካለው የመጸዳጃ ማጽጃ ጋርም በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። መጀመሪያ በጨርቅ ምጠጡት፣ ከዚያ በሳሙናና በውኃ እጠቡ።

ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ተጀምሮ በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። ይህ ሳይጠናቀቅ ሌሎች ውሾች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ አይልቀቁት። ቢያስመልሰውና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢይዘው ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ። ቡችላ ሲወለድ ጀምሮ ትል ሊኖርበት ስለሚችል እርሱን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳህኑንም የሰው ዕቃ በሚታጠብበት ስፖንጅ አትጠቡ። ከሁሉ በላይ ግን ይህን አትርሱ፦ ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቧጭሮ ቢያደማችሁ፣ ቡችላ ቢሆንም፣ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሚወርድ ውኃና በሳሙና እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። "ትንሽ ናት" ብላችሁ አትደብቁ።

ስለ እናንተ

አሁን ወደ እናንተ ሳህን እንምጣ። ደረጃ ስትወጡ ልብ የሚመታባችሁ፣ ከተቀመጣችሁበት ስትነሡ ዓይናችሁ የሚጨልምባችሁ እህቶች ጥቂት አይደላችሁም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ደም መርምሮ ይንገራችሁ። ነገር ግን ሻይና ኩብዝ እየበሉ 10 ሰዓት መሥራት ደም ማነስን እንደሚጠራ የታወቀ ነው። ሴት በየወሩ ደም ስለምታጣ ከወንድ ይልቅ ብረት ያለበት ምግብ ያስፈልጋታል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ያንኑ ብረት ሰውነት እንዳይቀበለው ያግዱታል። ሻያችሁን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቃችሁ ጠጡ። ሎሚ ግን በተቃራኒው ይረዳል።

ደግነቱ፣ ጾም የለመደ እጃችሁ ጤናማ ምግብ መሥራት አስቀድሞ ያውቃል። የሚያስፈልገው ሁሉ በማዳም መደርደሪያ ላይ ወይም በሰፈሩ ሱቅ ይገኛል፤ ዋጋውም ከሥጋ ጋር አይወዳደርም። ሦስት ቀላል ምግቦች ልጥቀስ።

አንደኛው ምስር በቡርጉል ነው። አንድ ብርጭቆ ቡናማ ምስር /እዚህ ዓደስ የሚሉትን/ ታጥቦ በአራት ብርጭቆ ውኃ 20 ደቂቃ ይቀቀላል። ግማሽ ብርጭቆ ቡርጉል ተጨምሮበት በትንሽ እሳት 15 ደቂቃ ይቆያል። አንድ ሽንኩርት በሁለት ማንኪያ የወይራ ዘይት ጠብሳችሁ ከላይ አፍስሱበት። ቲማቲምና ሎሚ ከጎኑ ይሁን። ሁለት ጊዜ ያበላል።

ሁለተኛው ቆስጣ በሽንብራ ነው። እዚህ ስልቅ የሚሉት ቅጠል የእኛው ቆስጣ ነው። ሽንብራውን ማታ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩትና ጠዋት ቀቅሉት። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ቁሌት አድርጋችሁ የተከተፈውን ቆስጣና ሽንብራውን ጨምሩበት፤ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሲወርድ ሎሚ ይጨመቅበት። ቆስጣው ብዙ እንዳይበስል ተጠንቀቁ።

ሦስተኛው ለቁርስ የሚሆን ፉል ነው። የተቀቀለውን ባቄላ አሙቃችሁ ደቁሱት። ከሙን፣ ቲማቲም፣ ሎሚና ማዳም ለታቡሌ የምትከትፈውን ቅጠል /በቅዱነስ/ ጨምሩበት። በፍስክ ቀን የተቀቀለ እንቁላል ይታከልበት። ይህን የበላ ሰው እስከ ምሳ አይዝልም።

ጨው ስትጨምሩ አስተውሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ማጊ የምንለው ኩብ ራሱ ጨው ስለሆነ በላዩ ሌላ ጨው አያስፈልግም። በጾም ወራት ደግሞ ሕመም ያለባት ወይም መድኃኒት የምትወስድ እህት የንስሐ አባቷን ታማክር። አባቶች የታመመን አያስጨንቁም።

"ጊዜ የለኝም" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሥራው አያልቅም። ግን ምስሩ በራሱ ይበስላል፤ እናንተ በዚያው ሰዓት ልብስ ትተኩሳላችሁ። አንድ ጊዜ ያበሰላችሁት በፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ከቡችላው ሰዓት ጋር ማያያዝ ደግሞ ይበልጥ ያቀልላችኋል። ጠዋት በእኛ 1 ሰዓት /በቤቱ ሰዓት 7/ ለእርሱ ስትሰጡ የእናንተን ፉል አሙቁ። ቀን 7 ሰዓት ሲበላ እናንተም ቁጭ ብላችሁ ብሉ። ቆሞ መጉረስ ምግብ አይባልም።

መውጣቱም ቢሆን ጥቅም አለው። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ቫይታሚን ዲ ያንሰዋል፤ በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይም ይህን አይሰጥም። ቡችላው ክትባቱን ከጨረሰ በኋላ ጠዋት ይዛችሁ ስትወጡ እጃችሁን ፀሐይ ይንካው፤ ፈጠን ብላችሁም ተራመዱ። በበጋ ግን በቀትር አትውጡ። መዳፋችሁን አስፋልቱ ላይ አድርጋችሁ ጥቂት ሰከንድ መቆየት ካቃታችሁ የእርሱም እግር ይቃጠላል።

ስለሚገባችሁ

የሊባኖስን ሕግ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያሳዝነው አይቀርም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ቁጥር 47 እንስሳን የያዘ ሰው ተገቢ ምግብና እንክብካቤ እንዲያደርግለት ያዝዛል። መልካም ሕግ ነው። የ1946ቱ የሥራ ሕግ ግን በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጪ አድርጓቸዋል። ለቡችላው ሕግ ሲወጣለት፣ የምታበላው እህት ከሕጉ ደጅ ቆማለች። ይህ ትክክል አይደለም፤ መባልም አለበት።

ይሁን እንጂ ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ወጥ የሥራ ውል አሠሪው ምግብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የሥራው ጊዜ በቀን በአማካይ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሌሊት ያልተቋረጠ ቢያንስ የ8 ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንትም የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ይደነግጋል። እንግዲህ ቡችላው ሌሊት ሦስት ጊዜ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ዕረፍታችሁ ተቋርጧል ማለት ነው። የቡችላ እንክብካቤ ሥራ ነው፤ ከሌላው ሥራ ላይ በነጻ የሚደረብ ጨዋታ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ይህን ለማዳም በጭቅጭቅ ሳይሆን በልስላሴ መናገር ይቻላል። ቡችላው ገና በገባ ሳምንት ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ። "ማዳም፣ ቡችላው የሚበላበት ሰዓት ይህ ነው፣ እኔም በዚሁ ሰዓት እበላለሁ። ሌሊት ማን ይነሣለት?" በሉ። ብዙ አሠሪዎች ያላሰቡት ነገር ሲነገራቸው ይሰማሉ። ወረቀቱንም ፍሪጁ ላይ ለጥፉት፤ የቡችላው ሰዓት በአንድ መስመር፣ የእናንተ በሌላ መስመር ይጻፍ። ልጆቹም ያነቡታል፤ ምናልባት አንዱ ተራ ይወስድላችሁ ይሆናል።

ምግብ የሚከለከልባት፣ ፍሪጅ የሚቆለፍባት እህት ካለች ግን ይህ የምግብ አሠራር ምክር አይበቃትም። እሑድ መጥታ ትንገረን፤ መውጣት ከተከለከለች በምትወጣ ጓደኛዋ በኩል ትላክብን። አባታችን ይሰማሉ፣ ምሥጢሩም ይጠበቃል።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" ይላል የሀገራችን ሰው። ያበላችሁት ቡችላ አድጎ በር ላይ ሲቀበላችሁ፣ በዚያ ቤት ከሁሉ ይልቅ ድካማችሁን የሚያውቅ እርሱ ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን የሀገር ቤት ልጆቻችሁና ወላጆቻችሁ በደኅና እንድትመለሱ የሚጠብቋችሁ ናችሁ። ገንዘቡ ተልኮ አካሉ ቢሰበር ቤተሰብ አይደሰትም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቡችላውን አብልታችሁ ስትጨርሱ፣ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ሽንብራ ለነገ ዘፍዝፉ።

እግዚአብሔር በያላችሁበት ይጠብቃችሁ።