ሲስተም ባለበት ቀን

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ለመጋቢት 7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ በሩን ከፍቶ አደረ። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪው ከአልጋው እየተነሳ ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ባንኩ ኋላ ላይ ያላግባብ ተወሰደ ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ምክንያቱም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ የተደረገ መደበኛ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ እንደሆነ ተነገረን።

ከዚያ በኋላ አገሩ ያወራው ስለ ተማሪዎቹ ነው። ገንዘቡን ያልመለሱት ሰዎች ፎቶ ተለጠፈ፣ ቀልዱ ተቀለደ፣ ስለ ትውልዱ ሥነ ምግባር ተሰበከ። እኛ የአይቲ ሙያ ሰዎች ስንገናኝ የምናነሳው ግን ሌላ ነበር፤ በዚያ ሌሊት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የነበረው ሰው።

ማሻሻያ የሚጫነው ሌሊት ነው፤ ቀን ደንበኛ አለ። ዓርብ ማታ ይመረጣል፤ ቢበላሽ ቅዳሜና እሑድ አለ ይባላል፤ የአይቲው ቅዳሜና እሑድ ማለት ነው። ሰርቨር ክፍሉ ይበርዳል። ማቀዝቀዣው ለማሽኑ እንጂ ለሰው አልተገጠመምና ጃኬት ደርበህ ትቀመጣለህ። ስክሪኑ 97 ከመቶ ይልና ቀጥ ይላል፤ አንተም አብረኸው ቀጥ ትላለህ። ሁሉ በሰላም ካለቀ ሰኞ ጠዋት ቢሮው እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ሌሊቱን ሰው እንደነበረ የሚያውቀው ዘበኛው ብቻ ነው። ካልሰመረ ግን ከተላላኪው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ስምህን የማያውቅ አይኖርም።

አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ፣ ክፍለ ከተማ ወይም ሆስፒታል ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሲስተም ባለበት ቀን «ዛሬማ ሲስተም አለ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው» ብሎ የወጣ ባለጉዳይ ግን አላየሁም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ቴድ ኬካቶስ የሚባል አሜሪካዊ የሲስተም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሙያ ባልደረቦቹ የምስጋና ቀን እስከ መፍጠር ደርሷል። ሐሳቡ የመጣለት መጽሔት ላይ ካየው የኤችፒ ማስታወቂያ ነው፤ ሠራተኞች አዲስ ፕሪንተር ለገጠመላቸው ባለሙያ አበባና የፍራፍሬ ቅርጫት ይዘው ተሰልፈው ይታያሉ። ቀኑ እስከ ዛሬ በፈረንጆች ጁላይ የመጨረሻ ዓርብ ይከበራል። ለፕሪንተር አበባ! እኛ ቢሮ ፕሪንተርን በተመለከተ የሚሰማው «አይቲ ጥሩልኝ፣ ወረቀት ይዟል» የሚል ጥሪ ነው፤ ወረቀቱን ለማውጣት ክዳኑን መክፈት ይበቃ ነበር።

ይሁንና ምስጋና ማጣት ብቻውን ሰውን አያማርርም። ዘበኛውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ሳይመሰገኑ ይሠራሉ፤ እነሱም ሥራቸው የሚታወሰው የጎደለ ቀን ነው። አይቲውን የሚያንገሸግሸው፣ እኔ እንደማየው፣ ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ውሳኔው የሌላ ሰው መሆኑ ነው።

በአንድ ወቅት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለባክአፕ የሚሆን ዲስክ እንዲገዛ ጠየቅሁ። የክፍል ኃላፊው ፈረሙ፣ ወደ ግዥ ሄደ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ተባለ። አንደኛው አቅራቢ ማኅተም ሳያደርግ ልኮ ስለነበር እንደገና ተጀመረ። በመሀል ዋጋው ተለወጠ፤ የውጭ ምንዛሪ በጠፋበት ጊዜ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ለሁለት ሳምንት እንኳ አይጸናም። ሲባል ሲባል ሰኔ 30 ደረሰና በጀት ተዘጋ። ክረምቱ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዩፒኤሱ አልያዘም (የባትሪው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ፋይል ውስጥ ነበር)፣ አሮጌው ዲስክ ሞተ፣ የወራት የንብረት መዝገብ ይዞ ሄደ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምንድን ነው ባክአፕ ያልያዝከው?» የሚል ነበር። የጠየቁኝ ሰው የግዥ ኮሚቴውም ሰብሳቢ ነበሩ።

ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ክፋት ቢሆን ቀላል ነበር። ቢፒአር (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) በመጣበት ዘመን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን «ዋና» እና «ደጋፊ» ብለው ሲከፍሉ አይቲ ብዙ ቦታ ከንብረትና ከስምሪት ጋር ደጋፊው ውስጥ ገባ። ያኔ ምክንያት ነበረው፤ ኮምፒውተር የጽሕፈት መኪና ምትክ ነበር። ዛሬ ዋናው ሥራ ሁሉ ሲስተሙ ላይ ከወጣ በኋላ እንኳ አይቲው ወደ ማኔጅመንት ስብሰባ የሚጠራው ፕሮጀክተር ሊገጥም ነው። ገጥሞ ይወጣል። ስብሰባው «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አገልግሎታችን ዲጂታል ይሆናል» ብሎ ይወስናል። እሱ የሚሰማው ቃለ ጉባኤውን ፕሪንት አድርግ ሲባል ነው።

ወረዳ ላይ ያለው ባለሙያ ደግሞ ይብስበታል። ወረዳኔት በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲዘረጋ የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር በቪዲዮ ለማነጋገር ታስቦ ነበር። የወረዳው ባለሙያ የዓመት ልፋት የሚመዘነው በዚያች የቪዲዮ ስብሰባ ነው። ከላይ ያሉት ባለሥልጣን እየተናገሩ ምስሉ ሲቆም አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እሱን ያያል። መስመሩን የቆረጠው ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መንገድ የሚጠርግ ግሬደር ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን ቁጭ አይልም፣ ቢያንስ ገመዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት አለበት። ሁሉም ሰው እያየው ምንም እንደማይፈይድ የሚያውቀውን ነገር መሥራት ከድካም ሁሉ የከፋ ነው።

ስለ ሥራ ምሬትና ደስታ ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ጥናት አለ። በፒትስበርግ አካባቢ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ሥራቸው መቼ ደስ እንዳሰኛቸው፣ መቼ እንዳስከፋቸው ጠየቋቸው። መልሱ ሁለት የተለያየ ነገር ሆኖ መጣ። ያስከፋቸው የመሥሪያ ቤቱ አሠራር፣ የአለቃ ቁጥጥር፣ ደመወዝና የሥራው ሁኔታ ነበር። ደስ ያሰኛቸው ደግሞ ሥራው ራሱ፣ ያስገኙት ውጤት፣ ዕውቅናና የተጣለባቸው ኃላፊነት። ጥናቱን የሚተቹት ብዙ ናቸው፤ እኔም «ደመወዝ ምሬት ያስታግሳል እንጂ ደስታ አያመጣም» የሚለውን ፒትስበርግ ላይ ሆኖ መናገር ይቀላል እላለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 አልፏል። የቤት ኪራይ ደርሶብህ «ሥራው ራሱ» የሚባል ደስታ አይታይህም።

ግን ደመወዝ ያላነሰውንም አይቼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ወንበር ላይ የተማሩ ሁለት ጓደኞች አሉኝ። አንዱ ቢሮ ነው። ሌላው አያት ሰፈር ከወላጆቹ ቤት ሆኖ ለውጭ ድርጅት ኮድ ይጽፋል፣ በዶላር ይከፈለዋል። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይሠራል። እናቱ ለጎረቤት «ልጁ እኮ ተመርቆ ቤት ዋለ» ሲሉ ሰምቷል። ስንት እንደሚያገኝ መናገር አይፈልግም፤ ተበዳሪ ይበዛል። ይህ ልጅ ከቢሮው ጓደኛው ያነሰ ያማርራል ብዬ ነበር። የሚያማርረው ግን እኩል ነው፣ ምሬቱም ያው ነው። ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ የተገደለ ጊዜ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ በቀጠሮ የሚያስረክበው ሥራ ነበረው። ሲመለስ ከተጠራቀመው መልእክት ውስጥ ደንበኛው «ኢንተርኔት እንደሚቋረጥ ለምን በኢሜይል አላሳወቅከኝም?» የሚል አገኘ። የራሱን አፕ ጎግል ፕሌይ ላይ ሊያወጣ ሲነሳ ደግሞ የአንድ ጊዜ መመዝገቢያው 25 ዶላር ብቻ ነበር። 25 ዶላሩ ኪሱ ውስጥ አለ፤ የሚከፍልበት ካርድ ግን አልነበረውም። ሜሪላንድ ያለች የአክስቱ ልጅ ከፈለችለት። ደንበኛ ሲጠፋበት ስሙ የሚጎድፈው እሱ ነው፤ መስመሩን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ግን ሌላ ነው።

ታዲያ ሙያውን ለምን አንተወውም? መልሱን ያሳየችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። ከውጭ በተገዛ የሠራተኛ አስተዳደር ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ሶፍትዌሩ ጥቅምት 30 የተቀጠረን ሰው መዝግብ ቢሉት እምቢ ይላል፤ 30/2 ሲያይ ፌብሩዋሪ መስሎት፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የላትም። ጳጉሜን የተቀጠረ ሰውማ ለእሱ ከነጭራሹ የለም፤ 13ኛ ወር ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ የማኅደር ክፍሏ እትዬ የውሸት ቀን እያስገቡ እውነተኛውን በእጃቸው ደብተር ይይዙ ነበር። የሰው ዓመት ፈቃድና የጡረታ ዘመን በዚያ ደብተር ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። ልጅቷ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ቀኑን ወዲያና ወዲህ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። የጳጉሜንን 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣውን ስድስተኛዋን፣ መስከረም 1 በፈረንጆች አንዳንዴ 11 አንዳንዴ 12 መዋሉን ሁሉ አስባበት። 30/2 ያለ ምንም ጭቅጭቅ የገባ ዕለት ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ስትጮህ ሰማኋት። እትዬ ደብተራቸውን ዘግተው «እጅሽ ይባረክ» ያሏት በማግስቱ ነው። ምርቃቱን ወደደችው፣ ግን ጩኸቱ ከምርቃቱ ይቀድማል።

ያቺን ፕሮግራም ደጋግሜ አስባታለሁ። ፕሮፎርማ አልተሰበሰበባትም፣ ኮሚቴ አላያትም፣ የማንም ፊርማ የለባትም። ችግሩን ያየችው እሷ፣ የወሰነችው እሷ፣ የሠራችው እሷ። በሙያችን ሰው ሲደሰት ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ካለ ሥራ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ግን የሚገኘው ተሰርቆ ነው፤ ከመደቡ ዝርዝር ውጭ፣ አለቃ ሳያውቅ፣ ማታ።

በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማስተማር የታቀደ ፕሮግራም ተጀምሯል። ይማሩ፤ ሥልጠናው በነፃ ነው፣ የሚጎዳ ነገር አላየሁበትም። እኔን የሚያሳስበኝ የሚቀመጡበት ወንበር ነው። ጎበዙ ልጅ ሠልጥኖ መጥቶ ፕሮጀክተር ገጣሚ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት ይለቃል፤ ወይም ሳይለቅ ሐሳቡ ብቻ ይለቃል፣ የኋለኛው ለመሥሪያ ቤቱ ይከፋል።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የአይቲ ክፍሉ ለዲስክ፣ ለባትሪ፣ ለኬብል የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በራሱ ፊርማ ያውጣ፤ ሒሳቡን በየወሩ ያወራርድ፣ ቢያጎድል ይጠየቅ። ስለ ሲስተም የሚወሰንበት ስብሰባ ላይም ፕሮጀክተሩን ገጥሞ አይውጣ፣ ይቀመጥ። ከሁሉ በላይ ዓርብ ማታ «ዛሬ አንጭነውም፣ ሙከራው አላለቀም» ሲል ቃሉ ይያዝ። ይህን ሦስተኛውን ለአንድ ኃላፊ ብነግራቸው «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ቅን ይመስለኛል።

ያቺ ባልደረባዬ አሁን ሌላ ድርጅት ነው የምትሠራው፤ ደመወዟም የተሻለ ነው። ስትለቅ ፓስወርዶቹን በቅጽ አስረክባለች፤ ፕሮግራሟን ማስረከብ ግን አልቻለችም፣ በንብረት መዝገብ ላይ አልነበረችምና። ስለዚህ እትዬ ዛሬም ይደውሉላታል። በቀደም አብረን ምሳ እየበላን ስልኳ ጮኸ።

«የኔ ልጅ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ናት አምስት?»

«እሱን ፕሮግራሙ ያውቀዋል እትዬ፤ እርስዎ ቀኑን ዝም ብለው ያስገቡት» አለቻቸው። ከዚያ ምሳዋን ትታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የሚቀጥለው ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን በየትኛው ዓመት እንደሆነና እንዴት እንደሚሰላ ታስረዳቸው ጀመር። ጥብሱ ቀዘቀዘ።