ለባሕር ውኃ ገንዳ የጎንደር ክዳን

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,133 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመች፣ የባሕር በር በሌላት አገር የምትገኝ ከተማ ናት። ስለዚህም በቤተ ሙከራችን ውስጥ የባሕር ውኃ የያዘ የመስተዋት ገንዳ፣ ማለትም የጨው ውኃ አኳሪየም፣ ለማቆም መነሣታችንን የሰሙ ባልደረቦቻችን ከፊሎቹ ፈገግ አሉ፤ ከፊሎቹም ተቆጡ። ወደ ተቆጡት ጥያቄ በኋላ እንመለሳለን፤ ተገቢ ጥያቄ ነውና። በቅድሚያ ግን ሁሉም እንደ ትንሽ ነገር ስላለፈው፣ እኛ ደግሞ የሥራው ሁሉ ቍልፍ ሆኖ ስላገኘነው ዕቃ እንናገር። እርሱም የገንዳው ክዳን ነው።

ክዳን ስንል በገንዳው አፍ ላይ የሚቀመጠውንና መብራቱን የሚሸከመውን የእንጨት ሣጥን ማለታችን ነው። ዓሣው ዘሎ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ትነትን ይቀንሳል፤ የመብራቱ ብርሃን ወደ ተመልካቹ ዓይን ሳይሆን ወደ ውኃው እንዲወርድ ያደርጋል። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በውጭ አገር ሳለን በተቋሙ መተላለፊያ ላይ እንዲህ ያለ ገንዳ ነበር። ክዳኑን ተማሪዎች ተሰብስበን በእጃችን ስለሠራነው ንድፉን በማስታወሻ ደብተራችን ይዘን ተመለስን። ወደ ስሕተት የመራንም ይኸው ደብተር ነው።

ባሕርና ጎንደር በሳይንስ ታሪክ ውስጥ እንደሚመስለው የተራራቁ አይደሉም። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤዱዋርድ ሩፔል በቀይ ባሕር ዳርቻዎች ዓሦችን ሰብስቦ ካጠና በኋላ፣ በዛሬው ጊዜ በየአኳሪየሙ ከሚወደዱት የባሕር ዓሦች ለአንዱ እ.ኤ.አ. በ1830 አምፊፕሪዮን ቢሲንክቱስ የሚል የላቲን ስም አወጣለት። ትርጕሙ «ሁለት መቀነት የታጠቀ» እንደ ማለት ሲሆን፣ በቢጫ ገላው ላይ ያሉትን ሁለት ነጭ መቀነቶች ያየ ሁሉ ስያሜውን ይቀበለዋል። ይኸው ሰው በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ ስሜንን አቋርጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 ጎንደር ተቀምጧል። ዋልያንና ጭላዳን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ከጣና አካባቢ ላገኛት አንዲት ትንሽ ዓሣም እ.ኤ.አ. በ1835 የደንቢያን ስም ሰጥቷታል፤ ዛሬ ጋራ ደምቤንሲስ ትባላለች። በአንድ ሰው መዝገብ ውስጥ የቀይ ባሕር ዓሣና የደንቢያ ዓሣ ጎን ለጎን ከተመዘገቡ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። ተማሪዎቻችን የኋለኛዋን ጣና ወርደው ሊያዩ ይችላሉ፤ የፊተኛውን ግን በሥዕል ብቻ ያውቁታል።

የመጀመሪያውን ክዳን በደብተራችን ንድፍ መሠረት አሠራን። ጠርዙ ከመስተዋቱ ጋር ገጥሞ የሚቀመጥ፣ ከኋላው ጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ ያሉት፣ ከቺፕውድ የተሠራና ሲታይ የሚያምር ነበር። ገንዳው 1 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ወርድ፣ ግማሽ ሜትር የውኃ ጥልቀት አለው። 250 ሊትር ውኃ ሞላንበት፤ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው እንዲኖረው አደረግን፤ ሙቀቱንም 25 ዲግሪ ላይ አቆምን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዓሣ አላስገባንም ነበር። (በቅንፍ እንበልና፣ ለዚህ ሥራ የአፋር አሞሌ ብቻውን አይበቃም። ከባሕር ጨው ክብደት 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ቢሆንም፣ ቀሪው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየምና ፖታስየም ለባሕር ፍጥረት የግድ ነው።) ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የክዳኑ ጠርዝ እርጥበት ጠጥቶ እንደ ዳቦ አበጠ፤ የፊት በሩ አልዘጋ አለ። መብራቱም ውጭ አገር ከለመድነው በላይ ይግል ጀመር።

ንድፉ በራሱ ስሕተት አልነበረበትም። ስሕተቱ ለባሕር ወለል የተሳለን ንድፍ ወደ ደጋ ማምጣታችን ነው። በጎንደር የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ገደማ ነው። ውኃ በከተማችን በ93 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላውም በእሳት ላይ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደባርቅ ላይ ወጥ የሠራ ሰው ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል። በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን መጠንም የሚወሰነው በላዩ ባለው የኦክስጅን ግፊት ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውኃ በባሕር ወለል ሲሆን በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። የባሕርን ያህል ጨው ሲገባበት ወደ 6.7 ይወርዳል። ያንኑ የጨው ውኃ ጎንደር ስናወጣው ከ5 እምብዛም አይበልጥም። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ መመሪያ ሳይናገር የሚተማመንበት ትርፍ ኦክስጅን እዚህ የለም ማለት ነው። በዚህ ላይ በክዳንና በውኃው መካከል የታፈገ አየር ቢጨመር፣ ዓሣውና ሌላው ሕያው ሁሉ ሌሊቱን የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጫ ያጣል፤ ውኃውም ወደ አሲድነት ያዘነብላል።

እንግዲያው ክዳኑን ጥሎ ገንዳውን ክፍት መተው ይሻላል የሚል ሊኖር ይችላል። እኛም ለአንድ ሰሞን እንደዚያ አስበን ነበር፤ ስሌቱ ግን አስጠነቀቀን። በደረቁ የበጋ አየር ውኃው በቀን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢጎድል፣ 2.5 ሊትር ተነነ ማለት ነው። ይህን ለማትነን 6 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ከውኃው ይወሰዳል፤ ለመተካትም ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚሠራ የ70 ዋት ማሞቂያ ያስፈልጋል። የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ መሆኑ ሲታከልበት ደግሞ ወጪው ይብሳል። ከሁሉ የሚከፋው ውኃው ሲተን ጨው አብሮ አለመሄዱ ነው። ለዐሥር ቀናት ማንም ሳይጨምርበት 5 ሴንቲ ሜትር ቢጎድል፣ በሊትር 35 የነበረው ጨው ወደ 39 ይደርሳል። ቀይ ባሕርም ከሌሎች ባሕሮች ይልቅ ጨዋማ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው፤ ግን እርሱ ብዙ ዘመን ወስዶ፣ እኛ በዐሥር ቀን።

ክዳኑ እንግዲህ ትነትን እየቀነሰ አየርን ማስተላለፍ አለበት። መልሱን በቀመር ከማግኘታችን በፊት በጥያቄ መልክ የሰጡን ሁለተኛውን ክዳን እንዲሠሩልን የጠራናቸው አዛውንት አናጢ ናቸው። ንድፋችንን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ዶክተር፣ እንፋሎቱ በየት በኩል እንዲወጣ ነው ያሰባችሁት?» አሉን። «በኋላ በኩል ቀዳዳ አለው፣ ጋሼ» ብለን መለስንላቸው። «መግቢያውስ?» አሉ። ዝም አልን። ጭስ የሚወጣበትን ብቻ ሳይሆን አየር የሚገባበትን ጭምር ሳያስብ ማድ ቤት የሚሠራ አናጢ እንደሌለ ያን ጊዜ አስተዋልን። ፊዚክስ ስናስተምር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንስለው የሞቀ አየር ዝውውር እኮ ይኸው ነበር!

ሁለተኛው ክዳን ስለዚህ ከፊት በታች፣ ከመስተዋቱ ጠርዝ ከፍ ብሎ፣ ረጅም ቀጭን መግቢያ አለው፤ ከኋላ በላይ ደግሞ ከመግቢያው የሚሰፋ መውጫ። ሁለቱም ዓሣ እንዳያሳልፉ በፕላስቲክ መረብ ተሸፍነዋል። የመክፈቻዎቹን ስፋት ከውጭው ንድፍ ከሩብ በላይ ጨምረናል። ምክንያቱም ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠነ ይዘትን ሲሆን ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። የደጋ አየር ስሱ በመሆኑ ያው ማራገቢያ በዚሁ ፍጥነት ቢዞር እንኳ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የመብራታችን መጋል ምሥጢሩ ይህ ነበር።

ስለ እንጨቱም ጥቂት እንበል። ቺፕውድ በእንፋሎት ላይ እንደማይሆን በገንዘባችን ተምረናል። ባሕር ዛፍ በየገበያው ቢገኝም ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ዋንዛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ሆኖም ለአንድ ሣጥን ሲባል የቆመ ዋንዛ ማስቆረጥ ነውር ስለሆነ ከፈረሰ አሮጌ ቁም ሣጥን የተገኘ ሳንቃ ተጠቀምን። እንጨት እርጥበት ሲጠጣና ሲደርቅ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው የሚያብጠውና የሚኮማተረው። ስለዚህ ሰፊው ሳንቃ በክፈፉ ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ሳይጣበቅ እንዲቀመጥ፣ ኮላውም በክፈፉ ማዕዘኖች ላይ ብቻ እንዲሆን አደረግን። ቫርኒሹ ከውስጥም ከውጭም፣ በተለይም በተቆረጡት ጫፎች ላይ፣ ተደጋግሞ ተቀብቷል፤ በብዛት ውኃ የሚጠጣው በጫፉ ነውና። ከዚያም የውስጡን ገጽ ብርሃን እንዲመልስ ነጭ ቀለም ቀባነው።

የጎንደር ክረምትም የራሱ ጣጣ አለው። ከፓምፑ የሚረጨው ጠብታ እንጨቱና ብረቱ ላይ ሲደርቅ ጨው ይተዋል። የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ከአየር ውኃ እየሳበ ይሟሟል፤ የባሕር ጨው ደግሞ ማግኒዥየም ስላለበት ከዚያ በታችም ይረጥባል። በሐምሌና በነሐሴ እንግዲህ ክዳኑ ላይ ያለው የጨው ቅርፊት ሁልጊዜ እንዳላበው ነው። የባሕር ውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙ ከተለመደው የቧንቧ ውኃ መቶ እጥፍ ገደማ መሆኑን ያስታወሰ፣ ሶኬት በክዳኑ ውስጥ አያስቀምጥም። ሽቦዎቹም ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታጠፋሉ፤ ጠብታ ቢመጣ ከእጥፋቱ ወለል ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ተቆጡት ባልደረቦቻችን እንመለስ። ውኃና መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የባሕር ዓሣ ማኖር ቅንጦት ነው፤ ለእንስሳውም ጭካኔ ነው ይላሉ። የመጀመሪያውን ግማሽ አንቀበልም። የተዘጋጀ የፕላስቲክ ክዳን ከውጭ ቢታዘዝ ኖሮ በርግጥ ቅንጦት በሆነ ነበር፤ የሚመጣውም ለባሕር ወለል የተሠራ ነው። እዚህ በተሠራው ግን ተማሪዎቻችን ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ ስለ መሟሟቱ፣ ስለ ትነት ሙቀት፣ ስለ አየር ዝውውር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካ ነገር ላይ አስልተዋል፤ የውኃውን መጉደል በየጠዋቱ በማስመሪያ ለክተዋል። ክዳኑ በውጭ ንድፍ ሳይሆን በእኛ ቍጥር፣ በከተማችን አናጢ እጅ ይሠራ የምንለው ለዚህ ነው።

የሁለተኛውን ግማሽ ግን እንቀበላለን። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም በሊትር 5 ሚሊ ግራም ብቻ የነበረው ኦክስጅን በዓሣው እስትንፋስ እያለቀ ይሄዳል፤ የሚተካበትም ፍጥነት አዝጋሚ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ ሳያልፍ፣ ለፓምፑም ሌሊቱን የሚያዘልቅ ባትሪ ሳይገኝ፣ ገንዳው ውስጥ ዓሣ እንዳይገባ ሐሳብ አቅርበናል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ዓሣው ከባሕር የተጠመደ ሳይሆን በማርቢያ የተፈለፈለ እንዲሆን እንፈልጋለን። ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ቅር ብሏቸዋል። አንዷ «ውኃ ብቻ ስናይ ልንመረቅ ነው?» አለችን፤ እኛም የምንመልሰው አጣን።

ክረምቱ አልፏል። ሳንቃው አልተጣመመም፤ በሩም ይዘጋል። የፊት ማጠፊያዎቹን ግን ጨው በልቷቸዋል። አናጢው አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ የማይዝግ ብረት ከአዲስ አበባ እስኪመጣልን ድረስ በሩን በቆዳ ማንጠልጠያ አስረውልናል።